ካሜራው የረሳው ሰው

አጋንንት ሰውን ሲይዙ የሚያሳዩ አስፈሪ ፊልሞችን ማየት ለክርስቲያን ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በማኅበርም በጉባኤም ሲነሣ እሰማለሁ። አንዱ «ዓይንህን ጠብቅ» ብሎ ይመክራል፤ ሌላው «ፊልም ነው እኮ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም መልሶች ፊልሙ ራሱ ምን እንደሚያስተምር ሳይመረምሩ የሚሰጡ ስለሆኑ አያረኩኝም። እኔ እነዚህን ፊልሞች ከወጣትነቴ ጀምሮ ያየሁ፣ አጋንንት መኖራቸውን ያለ ጥርጥር የማምን፣ በጸበል ቦታ ሰው ሲጮኽና ሲወድቅ እያየሁ ያደግሁ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ፊልሞቹን የሌለውን አለ ብለው አወሩ ብዬ አልወቅስም። የምወቅሳቸው ጋኔኑን ሲያሳዩን ሰውየውን ከዓይናችን ስለሚሰውሩብን ነው። ጌታችን አጋንንትን ባወጣበት ስፍራ የወንጌሉ ትረካ የሚያርፈው ደግሞ በዚያው ሰው ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ዘ ኤክሶርሲስት» መነሣት አለበት፤ በ1973 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠሩት ፊልሞች አብዛኞቹ ከእርሱ ሳይበደሩ አልቀሩም። ታሪኩን የጻፈው ዊልያም ፒተር ብላቲ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በሚመሩት በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ካቶሊክ ነበር። በ1949 ገና ተማሪ ሳለ፣ በሜሪላንድ ይኖር ስለነበረ አንድ ታዳጊ ልጅና ካህናት ስላደረሱለት ጋኔን የማስወጣት ጸሎት በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ያነበበው ዜና ከልቡ ሳይጠፋ ቆየና በ1971 ልብ ወለድ ሆኖ ታተመ፤ ወንዱን ልጅም በሴት ልጅ ተካው። ብላቲ ክፉ መናፍስት ካሉ መላእክትም እግዚአብሔርም እንዳሉ አንባቢው እንዲያስብ የፈለገ አማኝ ነበር። ስለዚህ ሥራውን እንደ ተራ ማስፈራሪያ ቆጥሮ ማጣጣል ፍትሐዊ አይደለም፤ እንደ ቁም ነገር ወስዶ መሞገት ግን ይገባል።

ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ድካሙን የት ላይ እንዳፈሰሰ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የልጅቱ መኝታ ክፍል ሆኖ የተሠራው ስቱዲዮ የተዋንያኑ ትንፋሽ እንደ ጭስ እንዲታይ ተብሎ በማቀዝቀዣ መሣሪያ እስከ በረዶ ድረስ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ነበር። ለጋኔኑ ድምፅ የተመረጠችው ሜርሴዲስ ማክካምብሪጅ የኦስካር ተሸላሚ ተዋናይት ስትሆን፣ ድምፅዋ እንዲሻክር ጥሬ እንቁላል እየዋጠች፣ ሲጋራ እያጨሰችና ውስኪ እየጠጣች ቀረጻውን ፈጽማለች። ከዚህ ሁሉ ድካም የተነሣ ፊልሙ ካለቀም በኋላ በጆሮ ውስጥ የሚቀረው የጋኔኑ ድምፅ ነው። ልጅቱ ራሷ ከውስጥ ሆና ስትጣራ የምናየው በሆዷ ቆዳ ላይ «እርዱኝ» የሚሉ ፊደላት ብቅ ሲሉ ነው። ያን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ከአንገቷ መዞርም ከትውከቱም ይልቅ እርሱ ያመኛል፤ አልጋው ላይ የተኛችው የአንዲት እናት ልጅ መሆኗን የሚያስታውሰኝ እርሱ ነውና። ከዚያ ወዲህ የመጡት ፊልሞች የወረሱት ግን የሚዞረውን አንገትና አረንጓዴውን ትውከት ነው። «እርዱኝ» የሚለውን የወሰደው የለም ማለት ይቻላል።

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ በ1973ቱ ቅጂ ተቆርጦ የወጣው ንግግር ነው። ጋኔኑን ሊያስወጡ የመጡት ሁለቱ ካህናት፣ አንድ አረጋዊና አንድ ወጣት፣ በጸሎቱ መካከል ለማረፍ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ወጣቱ ይህ ነገር ለምን በዚህች ልጅ ላይ እንደ ደረሰ አረጋዊውን ይጠይቃቸዋል። አረጋዊውም የጋኔኑ ዓላማ በዙሪያዋ ያሉትን ተስፋ ማስቆረጥ፣ ራሳቸውን እንደ እንስሳና እንደ ርኩስ ነገር እንዲያዩና እግዚአብሔር ሊወዳቸው እንደማይችል እንዲያምኑ ማድረግ ሳይሆን እንደማይቀር ይመልሳሉ። ብላቲ ይህ ንግግር እንዲቀር ፈጽሞ አልፈለገም ነበር፤ ወደ ፊልሙ የተመለሰው ግን በ2000 በወጣው ቅጂ ነው። በእኔ እምነት በዚህ ዓይነት ፊልሞች ውስጥ ስለ ሰይጣን ከተነገረው ሁሉ ከዚህ የተሻለ ክርስቲያናዊ ቃል የለም። ሰይጣን አልጋ በማንቀጥቀጥ የሚያገኘው ጥቅም የለውም፤ የሚፈልገው ሰው የእግዚአብሔር መልክ መሆኑን እንዲረሳ ነው። ዓለም ለሃያ ሰባት ዓመት ያየው ቅጂ ግን የጋኔኑን ትርኢት አስቀርቶ ትርጉሙን የጣለ ቅጂ ነበር፤ እንዲህ ያለው ፊልም ደግሞ ሳያስበው ጋኔኑ የሚፈልገውን ያደርግለታል።

ፍጻሜውም ያስጨንቀኛል። አረጋዊው ካህን በጸሎት ላይ ሳሉ ልባቸው ደክሞ ይሞታሉ፤ ወጣቱ አባ ካራስ ጋኔኑን ወደ እኔ ግባ ብሎ ከተቀበለ በኋላ ልጅቱን እንዳይጎዳት በመስኮት ዘልሎ ይወድቃል። ነፍስን ስለ ሌላው አሳልፎ መስጠት ጌታ ከሁሉ የሚበልጥ ፍቅር ያለው ስለሆነ፣ በዚህ ትዕይንት ልቤ ሳይነካ ቀርቶ አያውቅም። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ልጅቱን ያዳናት ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ጸሎቱም መስቀሉም የጌታ ስምም አልረቱም፤ የረታው የአንድ ሰው ሞት ነው። ቤዛነት ግን በቀራንዮ አንድ ጊዜ ተፈጽሟል፤ ማንም ክርስቲያን ሌላውን ለማዳን ሲል ጋኔንን ወደ ራሱ እንዲጋብዝ አልተጠየቀም። ብላቲ ራሱ ብዙ ተመልካቾች ጋኔኑ አሸነፈ ብለው መተርጎማቸው አሳዝኖታል። ታሪኩ መነሻ ያደረገው የ1949ኙ ልጅ ደግሞ በሕይወት ተርፎ፣ አድጎ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ሥራውን እየሠራ እስከ እርጅናው ኖሯል። ያን ረጅምና ሰላማዊ ዕድሜ ለፊልም የሚበቃ ነገር አድርጎ ያየው ሰው አልተገኘም።

አሁን ወንጌሉን እንክፈት። በማርቆስ ወንጌል የመጀመሪያው ምዕራፍ በቅፍርናሆም ምኵራብ ርኩስ መንፈስ ያለበት ሰው ይጮኻል፤ የሚናገረውም እውነት ነው፣ ኢየሱስን የእግዚአብሔር ቅዱስ መሆንህን አውቄአለሁ ይለዋል። ጌታ ግን እውነቱንም ቢሆን ከዚያ አፍ ሊሰማ አልወደደም፤ «ዝም በል ከእርሱም ውጣ» አለው። ነገሩ ሁሉ በጥቂት ቁጥሮች አለቀ። ቅዱስ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ የምዋርተኝነት መንፈስ ያለባት ገረድ ከኋላው እየተከተለች፣ እነዚህ ሰዎች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው እያለች ስትጮኽ፣ ምስክርነቱን እንደ ነፃ ማስታወቂያ አልተጠቀመበትም፤ ተቸግሮ መንፈሱን አስወጣው። ጌቶቿ በእርሷ ጥንቆላ ያተርፉ እንደነበርና እርሱንም ወደ ወኅኒ የሚያስገባው ይህ እንደሆነ የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። እርሷን ነፃ ማውጣት ዋጋ አስከፈለው፤ የተከፈለው ዋጋ ግን ስለ እርሷ ነበር።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የጌርጌሴኖን ሰው ነው። ማርቆስ ሰውየውን ከማንም ፊልም ሠሪ ይልቅ ቀርቦ ያየዋል፤ በመቃብር ያድር እንደነበረ፣ በእግር ብረትና በሰንሰለት ብዙ ጊዜ ታስሮ መበጣጠሱን፣ ሌሊትና ቀን በተራራ እየጮኸ ሰውነቱን በድንጋይ ይቧጭር እንደነበረ ይጽፍልናል። ከዚያም ሌጌዎን የተባለው የአጋንንት ጭፍራ ይወጣል፣ ሁለት ሺህ የሚያህሉ እሪያዎች ከገደል ወደ ባሕር ይጣደፋሉ። የሆሊውድ ፊልም ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ እሪያዎቹ ሲወድቁ ሙዚቃው ይጮኻል፣ የተዋንያን ስም ይወርዳል። ወንጌላዊው ግን እሪያዎቹን በአንድ ቁጥር አልፏቸው ወደ ሰውየው ይመለሳል። የከተማው ሰዎች መጥተው «ለብሶ ልቡም ተመልሶ ተቀምጦ» አዩት። ቅዱስ ሉቃስ ሰውየው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ልብስ እንዳልለበሰ ነግሮናልና፣ ይህን ልብስ ማን እንዳለበሰው እኔ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ መጎናጸፊያውን አውልቆ ሰጥቶት ይሆናል። ሰዎቹ የፈሩት ደግሞ ሲጮኽ አይተውት አይደለም፤ ጤነኛ ሆኖ ሲያዩት ነው የፈሩት። ሰውየው ጌታን ልከተልህ ብሎ ሲለምነው ጌታ ወደ ቤትህ፣ ወደ ቤተ ሰዎችህ ሂድ አለው። ሰንሰለት የበጠሰው ያ አስፈሪ ሰው ቤትና ቤተ ሰብ እንዳለው፣ የሚናፍቀው ሰው እንዳለ የምንሰማው በዚህ ቃል ነው።

በማርቆስ ዘጠነኛ ምዕራፍ ያለው ልጅ ታሪክም እንዲሁ ነው። ልጁ በጌታ ፊት ወድቆ አረፋ እየደፈቀ ሲንፈራገጥ ጌታ ወደ አባቱ ዘወር ብሎ ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው ብሎ ይጠይቃል። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ይህን ሲጠይቅ፣ አባትየው የልጁን ሕመም፣ በእሳትና በውኃ መውደቁን፣ የዓመታት መከራውን እንዲናገር ጊዜ ሰጠው። አባትየው «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው በዚህ ጭውውት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ቃል አለ፤ ጌታ ሕዝቡ ሲራወጥ አይቶ ርኩሱን መንፈስ ገሠጸው ይላል። ሕዝብ ለማየት ሲሮጥ ጌታ ነገሩን ትርኢት ከመሆኑ በፊት ጨረሰው። ልጁም እንደ ሞተ ሆኖ በተኛ ጊዜ እጁን ይዞ አስነሣው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የፊልሞቹ ሌላ ጉድለት ጸሎትን እንደ መሣሪያ መቁጠራቸው ነው። ካህኑ መስቀሉን ያነሣል፣ ጸሎቱን በላቲን ጮኾ ያነብባል፣ ጸበሉን ይረጫል፤ ከተጠራጠረ ይሸነፋል፣ ጠንክሮ ካነበበ ያሸንፋል። በ2013 በወጣው «ዘ ኮንጁሪንግ» ክህነት የሌለው ሰው የቫቲካን ፈቃድ እስኪመጣ መጠበቅ ስላልተቻለ መጽሐፉን አንሥቶ ያነብባል። እውነቱን ለመናገር በዚያ ፊልም የተያዘችውን እናት ወደ ራሷ የሚመልሳት ከልጆቿ ጋር በባሕር ዳርቻ ያሳለፈችው ቀን ሲነገራት ነው፤ ይህ ለሰውየዋ ክብር የሰጠ አካሄድ በመሆኑ አመሰግነዋለሁ። ሥርዓቱን እንደ ድግምት የማየት ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ በኤፌሶን አስቀድሞ ተፈርዶበታል። የአስቄዋ ሰባት ልጆች የኢየሱስን ስም ሳያምኑበት ሲጠሩት፣ ክፉው መንፈስ ኢየሱስንስ አውቀዋለሁ፣ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፣ እናንተሳ እነማን ናችሁ ብሎ ዘለለባቸው፤ ቆስለውና ዕራቁታቸውን ከቤት ሸሹ። በዚህ ምክንያት የከተማዪቱ አስማተኞች አምሳ ሺህ ብር የሚያወጡ መጻሕፍታቸውን በሕዝብ ፊት አቃጠሉ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከፊልሞቹ እጅግ የተጠነቀቀች ናት። በ1614 የወጣው የጸሎት መጽሐፏ ካህኑ አንድን ሰው በጋኔን ተይዟል ብሎ በቀላሉ እንዳያምን ያዝዛል፤ በ1999 የታደሰው ሥርዓትም የሐኪሞችን ምክር መስማት እንደሚገባ ያስታውሳል፤ ያለ ጳጳሱ ፈቃድ ማንም ካህን ሥርዓቱን አይፈጽምም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰይጣንን መካድ ገና በሕፃንነት ይጀምራል። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ለጥምቀት ስትመጣ፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ሕፃኑን ታቅፈው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ስለ ሕፃኑ «እክሕደከ ሰይጣን» ይላሉ፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ተመልሰው ሃይማኖታቸውን ይመሰክራሉ። እናት በነጠላዋ ሥር ጡት ለማጥባት ትቸኩላለች፣ ሕፃኑ በውኃው ቅዝቃዜ ያለቅሳል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ማዕተብ ይታሰርለታል፣ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። በዚያ ሰዓት የሚንቀጠቀጥ አልጋ የለም፤ ሆኖም ሰይጣን በስሙ ተጠርቶ የተካደው እዚያ ነው። እኛ በጨለማ ክፍል ውስጥ ያለውን ትግል ስንጠብቅ በየእሑዱ ጠዋት የሚፈጸመውን ድል ቀላል አድርገን እናየዋለን።

ፊልሞቹ ጋኔንን ከሰው ይልቅ እንድንመለከት ሲያለማምዱን ምን ሊከተል እንደሚችል ለሚጠይቅ፣ የአኔሊዝ ሚሼል ሞት በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። አኔሊዝ በጀርመን በባቫሪያ፣ ክሊንገንበርግ በምትባል ከተማ በጽኑ ካቶሊክ ቤተ ሰብ ያደገች ተማሪ ነበረች። ከ1968 ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ መድኃኒትም ታዝዞላት ነበር። በ1975 የቩርትስቡርግ ጳጳስ ፈቅደው ሁለት ካህናት ጋኔን የማስወጣት ጸሎት ጀመሩላት፤ በአሥር ወር ገደማ ውስጥ ስልሳ ሰባት ጊዜ ተደርጎላታል። ጩኸቷና በእርሷ አድረዋል የተባሉት የአጋንንት ስሞች በካሴት እየተቀረጹ ነበር። ልጅቱ መብላት አቁማ ነበር፤ ጁላይ 1 ቀን 1976 በሃያ ሦስት ዓመቷ ስትሞት ክብደቷ ሠላሳ ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበር። የሞተችውም ምግብና ፈሳሽ በማጣት ነው። በ1978 የአሻፈንቡርግ ፍርድ ቤት ወላጆቿንና ሁለቱን ካህናት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ በስድስት ወር እስራት በገደብ ቀጣቸው። እነዚያ ካሴቶች ፍርድ ቤት ውስጥ ተሰምተዋል፤ ሰዎች የጋኔን ድምፅ ብለው ሲሰሙት የከረሙት በረሃብ የምትዝል ልጅ ድምፅ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የተነሣው የ2005ቱ «ዘ ኤክሶርሲዝም ኦፍ ኤሚሊ ሮዝ» በክርስቲያን ዳይሬክተር በስኮት ዴሪክሰን የተሠራ ነው፤ በሃይማኖት የማያሾፍ፣ ተመልካቹ ራሱ እንዲፈርድ የሚተው ፊልም በመሆኑ አከብረዋለሁ። ታሪኩን ግን ወደ አሜሪካ አምጥቶ በፍርድ ቤት ያቆመው አንድ ካህን ብቻ ነው፤ ወላጆቹ አልተከሰሱም። በፊልሙ እመቤታችን ለልጅቱ ተገልጣላት፣ ልጅቱም ዓለም መናፍስት መኖራቸውን እንዲያምን መከራውን ለመቀበል ትመርጣለች። እኔ ይህን በፍጹም መቀበል አልችልም። ሰዎች በሰይጣን መኖር እንዲያምኑ ሲባል አንዲት ልጅ በረሃብ መሞት የለባትም፤ ቅዱስ ያዕቆብ አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል ይላልና፣ በጋኔን ማመን ብቻውን ማንንም አያድንም። የጌርጌሴኖኑ ሰው በተፈወሰበት በዚያው በማርቆስ ምዕራፍ አምስት መጨረሻ ላይ ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣ በኋላ ያዘዘውን አስታውሱ፤ የምትበላውን ስጧት አለ።

በሀገራችን የጸበልና የመድኃኒት ነገር ሲያከራክር እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ምእመናን ወደ እንጦጦ ጸበል ሲመጡ መድኃኒታቸውን እያቋረጡ ሲቸገሩ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል። ያን ቃል ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ሚጥል በሽታም ደጋግመን ብንሰማው ምንኛ በጠቀመን ነበር።

አሁን ግን ከሆሊውድ ይልቅ የሚያሳስበኝ በእጃችን ያለው ስልክ ነው። በዩቲዩብና በቲክቶክ በየቀኑ የሚለቀቁትን «ጋኔኑ ተናዘዘ» የሚሉ ቪዲዮዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ይህ ችግር በአንድ ቤተ እምነት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ማይክሮፎን ወደ ተያዘው ሰው አፍ ይቀርባል፤ መቼ ገባህ፣ በማን በኩል ገባህ፣ ማን ላከህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል ወይም እልል ይላል፤ ካሜራው የተገለበጠውን ዓይንና የሚንጠባጠበውን ምራቅ ይቀርጻል። ጌታ ሌጌዎንን ስሙን ጠይቆታል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ጠይቆታል፣ ከአንድ ጥያቄ በኋላ ግን ምርመራ አልቀጠለም። ጌታ የሐሰት አባት ያለውን ሰይጣንን እንደ ምስክር አቁሞ ስለ አክስትና ስለ ጎረቤት ማስመስከር ከየትኛው ወንጌል የመጣ ነው? ይህ አሠራር ከወንጌሉ ይልቅ ፊልሞቹን ይመስላል። የጋኔኑ ድምፅ የትረካው መሪ ሆኗል፤ ሰውየውም የጋኔኑ ማሳያ መድረክ ሆኖ ቀርቷል።

የማውቃት አንዲት እኅት ከዓረብ አገር የተመለሰችው ሰው ሳታናግር፣ ሌሊት ሳትተኛ፣ በር ሲንኳኳ እየዘለለች ነበር። እናቷ ወደ ጸበል ወሰደቻት፤ ልክ አድርጋለች፤ እኔም ብሆን እወስዳት ነበር። እዚያ ስትጮኽ አንድ ወጣት በስልኩ ቀረጻት። በጩኸቷ መካከል የአባቷን እኅት ስም ጠራች፤ አክስቲቱ መተት እንዳደረገችባት ተቆጠረ፣ ሁለቱ ቤቶች ለዓመታት በለቅሶም በሰርግም ሳይገናኙ ቀሩ። ሠርታ ገንዘብ ትልክበት በነበረው አገር ምን እንደ ደረሰባት፣ ደመወዟ ተከፍሏት እንደነበር፣ ማን እንደ መታት፣ ስንት ሌሊት ያለ እንቅልፍ እንዳሳለፈች በዚያ ሰሞን የጠየቃት አልነበረም። ጌታ ለዚያ ልጅ አባት ያቀረበው ጥያቄ፣ ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው የሚለው፣ ለእርሷ ሳይቀርብላት ቀረ። ዛሬ በጸበሉም በሕክምናውም ተረድታ ደኅና ናት፤ ካፌ ውስጥ ትሠራለች። ቪዲዮውን ግን ደንበኞች አይተው ያውቋታል፤ አንዱማ ሒሳብ ሲከፍል ስልኩን አውጥቶ አንቺ አይደለሽም ወይ ብሏታል። የጫነውን ልጅ አግኝተን እንዲያወርደው ስንለምነው፣ ሕዝብ ይማርበታል ብሎ እምቢ አለ።

ስለ ጥንቃቄ ስናገር ጸበልን አቃለለ የሚለኝ እንዳይኖር፣ በዚያው ጸበል የሚያገለግሉ አንድ አረጋዊ ካህን ያደረጉትን ልናገር። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ እናትየው ልጇን እንደገና ስታመጣ፣ ካህኑ በመጀመሪያ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ እንዲከት አስደረጉ፤ አልከትም ያለውን አንድ ጎረምሳ ከቅጥሩ አስወጡት። ከዚያ ጸሎቱን አደረሱ፣ በመስቀል ባረኳት፣ አጠመቋት፤ ጮኸች፤ እርሳቸው ግን ለጩኸቱ አንዲት ቃል አልመለሱለትም። ሲጨርሱ ቁጭ ብለው እናቲቱን መጠየቅ ጀመሩ፤ «ልጄ፣ እንቅልፍ ትተኛለች? እህል ትቀምሳለች? ሐኪም ዘንድስ ወስደሻት ታውቂያለሽ?» አሏት። እናቲቱ የታዘዘላትን መድኃኒት ጸበል ስትጀምር እንዳስቆመቻት ነገረቻቸው። «ማን አስቁሚ አለሽ? መድኃኒቷን በሰዓቱ ስጫት፤ ነገ ከጸበሉ በኋላ ደግሞ ምሳዋን እዚሁ ይዘሽላት ነይ፣ እኔ ፊት ትብላ» አሏት።